የባቢከር ፊት

ሸዋሉል ካሜራውን ስድስት ዓመት ከአልጋዋ ሥር አቆይታዋለች። በአሮጌ ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ነበር፤ ቤት ስትጠርግ መጥረጊያው ሲነካው ብቻ መኖሩ ትዝ ይላታል። ሌባ የሚመኘው ዓይነት ዕቃም አይደለም። የሩሲያ ሥሪት ነው፤ ጥቁር ሣጥን የመሰለ፣ ከፊቱ ሁለት ዓይን አንዱ ካንዱ በላይ የተቀመጡለት፣ ቆዳው በአንድ ጎኑ የተላጠ። አዲስ በነበረበት ጊዜም ቢሆን ከካሜራ ሁሉ ርካሹ እሱ ነበር።

በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ ተጭነው አሶሳ ሲወርዱ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። ትምህርቷን አምስተኛ ክፍል ላይ ጥላ ነው የመጣችው፤ ከዚያ ወዲያ ወደ ደብተር የመለሳት የለም። አባቷ በሰፈራ መንደሩ የመጀመሪያውን ክረምት ሳይወጡ ወባ ገደላቸው። ያገባችውን ሰው ደግሞ ለወታደርነት ወሰዱባት። አልተመለሰም፤ ሞቷል የሚል ወረቀትም አልመጣም። መጠበቁም ማልቀሱም ሲደክማት ሁለቱንም ተወችና ከተማ ገብታ ጫኔ የሚባል ፎቶ አንሺ ዘንድ ተቀጠረች።

መጀመሪያ የተቀጠረችው ውኃ ለመቅዳት ነው፤ ፎቶ ቤት ውኃ ይፈጃል። እያደር ጫኔ ፊልም ማጠብ አስተማራት፣ ወረቀት ማተም አስተማራት፤ ዓይኑ እየደከመ ሲሄድ ማንሳቱንም ለቀቀላት። በሰማንያ ሁለት ጦርነቱ አሶሳ ሲገባ ደህና ደህናውን ዕቃ ጭኖ ወደ ነቀምት ሸሸ። ባለ ሁለት ዓይኑን ካሜራ ግን፣ «እንቺ፣ ይኼን እንኳን የሚገዛ የሚሰርቅም የለ» ብሎ ትቶላት ሄደ። ፊልም አልነበረም፣ መድኃኒት አልነበረም። ብርድ ልብስ ውስጥ ጠቀለለችው።

ዘመኑ ተለወጠና አሶሳ የክልል ስድስት ዋና ከተማ ሆነች። ከየአገሩ የተመደበ ሠራተኛ ጎረፈ። ለቢሮ የሚሆን ቤት ጠፍቶ ሁለት መሥሪያ ቤት በአንድ ኮሪደር ይጋፋ ጀመር። ሸዋሉልም ከአዲሶቹ ቢሮዎች በአንዱ በጽዳት ተቀጠረች። ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው፤ የማያውቋት አርባ ይሏታል፤ እሷም አታርማቸውም።

አንድ ቀን፣ ሰማንያ ስምንት ዓመተ ምሕረት ግንቦት መግቢያ ላይ፣ የቀድሞው መንግሥት መጋዘን የነበረ መስኮት የሌለው ክፍል ለቢሮ ይፈለጋል ተባለ። የአስተዳደር ኃላፊዋ ትሩፋት፣ ከአዲስ አበባ ተመድባ የመጣች ቀጭን ሴት፣ ያለው ሁሉ ወጥቶ ይቃጠል ብላ አዘዘች። መፈክር የተጻፈበት ጨርቅ ወጣ፣ የተበላ መዝገብ ወጣ፣ የአይጥ ጎጆ ወጣ። ከሁሉ ሥር አንድ ካርቶን ነበር። ሸዋሉል ስትከፍተው ሦስት ጥቅል ፊልም፣ አንድ እሽግ የፎቶ ወረቀትና በላስቲክ የታሸገ ሁለት ዓይነት ዱቄት አገኘች፦ ምስሉን የሚያወጣውና ያው እንዳይጠፋ የሚያጸናው፣ ሃይፖ የሚሉት። ካርቶኑን አቅፋ ትሩፋት ዘንድ ሄደች። ትሩፋት ቀኑን አየችና ጊዜው ያለፈበት መሆኑን ነገረቻት። ሸዋሉል፣ የእኔም አልፏል፣ ይሞከራል አለቻት። ትሩፋት ሳቀችና ውሰጂው አለች።

በማግሥቱ እሑድ ካሜራውን ከአልጋ ሥር አውጥታ አቧራውን ጠረገችና ከቤቷ ፊት ለፊት ካለው የማንጎ ዛፍ ሥር ተቀመጠች። ክዳኑን ከፍታ ካሜራውን ሆዷ ላይ አድርጋ ቁልቁል ስታይ አገሩ ሁሉ መዳፍ በምታህል መስታወት ውስጥ ቁጭ ብሏል። በዚያ መስታወት ግራው ቀኝ ነው፤ ወደ ግራ የሚሄድ ሰው ወደ ቀኝ ሲሄድ ይታያል። ጫኔ መጀመሪያ ሲያስይዛት እንደ ሰከረ ሰው ትንገዳገድ ነበር። አሁን እጇ ሳይጠይቃት ካሜራውን ወደ ተቃራኒው ያዞራል። ደስ አላት ማለት ይበዛ ይሆናል። የሞተ የመሰላት ነገር ሲሠራ አየች፤ እስኪመሽ ድረስ ያንኑ መስታወት ስታይ ዋለች።

የመጀመሪያውን ፊልም በጽዳት ባልደረባዋ በኢንዓም ላይ ጨረሰችው። ኢንዓም የበርታ ልጅ ናት፤ መንደሯ ከከተማው በእግር ሁለት ሰዓት ይሆናል። ውኃ ስትቀዳ እንደ አገሯ ሴቶች በትከሻዋ ላይ እንጨት አጋድማ፣ ከወዲህና ከወዲያ ጀሪካን አንጠልጥላ፣ ሳታፈስ እየተውረገረገች ትመጣለች። ሸዋሉል ያንን አነሳችው። ምስሉ ትንሽ ጉም የለበሰ ሆኖ ወጣ፤ ግን ወጣ። ሸዋሉል በወረቀት አትማ ሰጠቻት። በማግሥቱ ኢንዓም ባልዲዋን አስቀምጣ የልቧን ነገረቻት።

ታናሽ ወንድም አላት። በሰማንያ ሁለቱ ጦርነት ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፤ ከሚሸሹ ጎረቤቶች ጋር ተቀላቅሎ ሱዳን ገባና በዚያው ጠፋ። ሞቷል ብለው ነበር። ባለፈው ሳምንት ድንበር ለድንበር የሚነግድ አንድ ባለ አህያ ከሱዳኗ ከተማ ከደማዚን መልእክት ይዞ መጣ፤ ልጁ አለ፣ ሻይ ቤት ይሠራል። ማንጎውን ያስታውሳል፣ ወንዙን ያስታውሳል፣ የውሻውን ስም ሳይቀር ይናገራል፤ የአባቱ ፊት ግን ጠፍቶበታል። ስለዚህ የላከው ልመና አንድ ነው፦ የአባቴን ፊት ላኩልኝ።

ነጋዴው የሚመለሰው በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ነው። ከዚያ ወዲያ ወንዞቹ ይሞላሉ፤ እስከ ኅዳር የሚሻገር የለም። አባትየው ባቢከር ደግሞ አርጅቷል፤ ወባው መጣሁ ሄድሁ እያለ አጥንቱን አስቀርቶታል። ኅዳርን ማየቱን አላህ ነው የሚያውቀው። በከተማው ያለው ባለ ቀለም ፎቶ ቤት ፊልሙን አዲስ አበባ ልኮ እስኪመጣለት አንድ ወር ይፈጅበታል።

ሸዋሉል ሁለት ፊልም ቀርቷት ነበር። አንዱ ደህና ነው። ሁለተኛው እርጥበት ነክቶት ጠርዙ ሻግቷል። ደህናውን ለካሜራው አጉርሳ እሑድ ከኢንዓም ጋር መንደሩ ወረዱ።

ባቢከር ነጭ ጀላቢያ ከጎረቤት ተውሶ ለብሶ ጠበቃቸው። አማርኛ ጥቂት ጥቂት ያውቃል። ኢንዓም፣ ልታነሳህ ነው የመጣችው ስትለው ሸዋሉልን ከእግር እስከ ራሷ አያትና፣ ቀጭን ናት፣ እኔን ለማንሳት ሌላ ሰው ትጨምር አለ። መንደርተኛው ሳቀ። ከዚያ ካሜራውን ቀረብ ብሎ መረመረና ከሁለቱ ዓይን የትኛው እንደሚያየው ጠየቀ። ሸዋሉል፣ የታችኛው አንተን ያያል፣ የላይኛው ለእኔ ነው አለችው። እሱም እስከ መጨረሻው ከታችኛው ዓይን ላይ ዓይኑን አልነቀለም። ከአሥራ ሁለቱ ምስል ስምንቱን በእሱ ላይ አደረገችው፤ አራቱን ተሰልፈው የቆሙት ጎረቤቶች ወሰዱት።

ሰኞ ቀን አመሻሹ ላይ ልታጥበው አስባ ፊልሙን በመቀነቷ ቋጥራ ሥራ ገባች። ከቀትር በኋላ ግን እንግዶች ይመጣሉ ተባለ፤ አዳራሹ ይወልወል፣ ወንበር ይገባ፣ ሸዋሉል ትቆይ፣ ኢንዓም ትሂድ። ሸዋሉል ኮሪደር ላይ እየሮጠች መቀነቷን ፈታችና ፊልሙንና የቤቷን ቁልፍ ሰጠቻት። የተናገረችው ይኼን ብቻ ነው፤ «አደራ፣ ቤቴ አድርሽልኝ። ዛሬ ካልታጠበ ለቅዳሜ አይደርስም።»

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ፀሐይዋ ገና ሳትገባ፣ ወገቧን ይዛ ቤቷ ደረሰች። ግቢው ተጠርጓል። በገመዱ ላይ ነጠላዋ ተሰጥቷል፣ ቀሚሷ ተሰጥቷል፣ ከሁለቱ መሐል ፊልሙ ወተት መስሎ በሁለት መቆንጠጫ ተንጠልጥሏል። ቁጥር የተጻፈበት የጀርባ ወረቀቱም አልተጣለም፤ ታጥቦ፣ በእጅ ተዳምጦ፣ ድንጋይ ላይ ተሰጥቷል።

ኢንዓም ከቤት ወጣች። አማርኛው ለእሷ ሁለተኛ ቋንቋዋ ነው፤ አንተና አንቺውን ትቀላቅላለች፣ የለመዳት ሰው ግን ይገባዋል።

«ኻላስ፣ እኔ አጥቧል» አለች ፊቷ በርቶ። «አንቺ ደክሞሃል። ቁጭ በል።»

ሸዋሉል ገመዱ ሥር ቆመች። «በምን አጠብሽው?»

«በሳሙና። ቆሻሻ የለም ነበር፣ ግን ሦስት ጊዜ አጥቧል።»

ሸዋሉል ቁጭ በል እንደተባለችው ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች። ኢንዓም ፊቷን አይታ ሳቋን ዋጠች። ሸዋሉል ነገሩን ቀስ ብላ አስረዳቻት፤ ፊልም ብርሃን እንደማይወድ፣ ማጠብ የሚባለው በጨለማ በመድኃኒት መንከር እንደሆነ፣ ስሙ ብቻ ማጠብ እንደሆነ። ኢንዓም እስከ መጨረሻው ሰማቻትና ፊልሙን ከገመዱ አወረደች። ብርሃን ላይ አድርጋ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተመለከተችው። ምንም የለበትም።

«እኔ ቤት ያጥባል፣ ልብስ ያጥባል፣ ቢሮ ያጥባል» አለች። «ሌላ ማጠብ አለ ማን ነገረኝ?»

«ማንም አልነገረሽ።»

«አባቴን አጥፍቷል።»

«አብሽሪ» አለቻት ሸዋሉል። መቆጣት ይቻላት ነበር፤ ለመቆጣትም ግን ጉልበት ይጠይቃል። ደግሞስ ማንን? እሷም ራሷ ጫኔ ቤት በገባች በሁለተኛው ቀን፣ ፊልም እናጥባለን ሲላት፣ ሳሙናው የት ነው ብላ ጠይቃው ነበር። ሰውዬው እስኪያነባ ስቆባታል። ከኢንዓም የምትለየው መጠየቋ ብቻ ነው፤ ለመጠየቅም የሚጠየቀው ሰው አጠገብ መኖር አለበት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ የቸኮለችው ደግሞ እሷ ናት።

የቀረው የሻገተው ፊልም ነበር። እሱን ይዘው ወደ መንደር ለመመለስ ግን ፈቃድ ያስፈልጋል፤ እንግዶቹም እስከ ረቡዕ አልሄዱም። ሐሙስ ጠዋት ሁለቱም ትሩፋት ፊት ቆሙ። ትሩፋት፣ ሁለታችሁም ከሄዳችሁ ይኼን ኮሪደር ማን ያጸዳዋል፣ እኔ ነኝ? አለች። ሸዋሉል ነገሩን ስትነግራት፣ ወሬው ሳሙናው ላይ ሲደርስ ትሩፋት ሳቋ አመለጣት፤ ልጁ ላይ ሲደርስ ግን እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ነገ ጎሕ ሳይቀድ ገብታችሁ እንድትወለውሉ ብላ ለቀቀቻቸው። ሸዋሉል የመጋዘኑን ክፍልም ጠየቀቻት። የእሷ ቤት የቀርከሃ ግድግዳ ነው፣ በየስንጥቁ ብርሃን ይገባል፤ የመጀመሪያውን ፊልም ጉም ያለበሰውም እሱ ሳይሆን አይቀርም። መጋዘኑ ግን መስኮት የለው። ትሩፋት ዓርብ ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ድረስ ቁልፉን ልትሰጣት ተስማማች።

መንደሩ ሲደርሱ ባቢከር ወባው ተነሥቶበት ደጃፉ ላይ ሰሌን አንጥፎ ተጋድሟል። የተዋሰውን ጀላቢያ መልሷል። እንደገና ለምን እንደመጡ ኢንዓም በበርትኛ ስትነግረው ድምጿ እየቀነሰ ሄደ። ሽማግሌው ሰማትና ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሸዋሉል ትኩሳቱ መሰላት፤ ሲስቅ ነው። ሳሉ እስኪይዘው ሳቀና በአማርኛ ለሸዋሉል፣

«ፊቴ በሳሙና አጠበ፣ አይደል? ታዲያ ነጣ?» አላት።

ኢንዓም ከሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ጀላቢያውን እንደገና ልዋስልህ ወይ ስትለው አልፈልግም አለ። ልጁ የጠየቀው ፊቴን ነው፣ ልብሱን እኔም አላውቀው።

ሸዋሉል ካሜራውን የተደፋ ሙቀጫ ላይ አስቀመጠችው። ያረጀ ፊልም እንደ ሽማግሌ ዓይን ነው፤ ብዙ ብርሃን ካላገኘ አያይም። ስለዚህ ዓይኑን ረዘም አድርጋ ልትከፍትለት ነው፤ በዚያን ጊዜ ባቢከር መነቃነቅ የለበትም፣ መተንፈስም የለበትም። ኢንዓም ስትተረጉምለት፣ አለመነቃነቁ ቀላል ነው፣ በቅርቡ ለዘለዓለሙ እለምደዋለሁ አለ። ኢንዓም ይኼን ለሸዋሉል የነገረቻት በመንገድ ላይ ነው።

አሥራ ሁለቱንም በእሱ ላይ ጨረሰችው። ሻጋታው የትኛውን እንደሚበላ አይታወቅምና አንድ ፊት አሥራ ሁለት ጊዜ አነሳች። ጎረቤቶቹ ተሰልፈው ነበር፤ ዛሬ የለም ስትላቸው አጉረምርመው ተበተኑ።

ዓርብ ስድስት ሰዓት ሲሆን መጋዘኑ ውስጥ ሦስት ሳህን ደረደረች፤ ማውጫው፣ ውኃ፣ ሃይፖ። ኢንዓምንም አብራ አስገባቻት፤ ዛሬ ታያለሽ፣ ማለት ምንም አታዪም፣ ግን ትሰሚያለሽ አለቻት። በሩን ዘግተው ከሥሩ ብርድ ልብስ ጎሰጎሱበት። ድቅድቅ ጨለማ ሆነ። ሸዋሉል የፊልሙን ሁለት ጫፍ በሁለት እጇ ይዛ፣ አንዱን ስታነሳ አንዱን እየዘቀዘቀች፣ መድኃኒቱ ውስጥ ታንሸራትተው ጀመር። ጫኔ ሰዓት ነበረው። እሷ ሰዓት ኖሯት አያውቅምና በአባታችን ሆይ ነበር የምትቆጥረው፤ በዚህ ሙቀት አሥራ አምስት ጊዜ ይበቃል። ኢንዓም የምታጉረመርመውን ጠየቀቻት። ስትነግራት፣ እኔም ልቁጠርልህ ብላ በፋቲሓ ጀመረች።

ጥቂት ቆይቶ ኢንዓም፣ «ኻላስ፣ አሥራ አምስት» አለች።

«እኔ ገና ዘጠኝ ነኝ።»

«የአንተ ረጅም ነው።»

«ያንቺ አጭር ነው። ዝም በይ፣ አሁን ስንት እንደሆንሁ አጠፋሽኝ።»

ዘጠኝ ይሁን አሥር ሳታውቅ ከአሥር ጀምራ ቆጠረች። ወደ ሃይፖው አሻግራ፣ ጠብቃ፣ በሩን ገርበብ ስታደርግ ሁለቱም ወደ ስንጥቁ ተንጠራሩ። ሻጋታው ከአሥራ ሁለቱ ስምንቱን በልቷቸዋል፤ ፊት በሚሆንበት ቦታ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ተዘርግቷል። ሦስቱ ላይ ባቢከር ተነቃንቋል፤ ሁለት አፍንጫ አለው። ሰባተኛው ደህና ነበር። ፊቱ የነጣ፣ ሽበታም ጢሙ ጥቁር፣ የዓይኑ ብሌን ነጭ፤ ፊልም ላይ ሁሉ ነገር ግልባጭ ነው። ኢንዓም፣ ይኼ ጂን ነው አለች። ቆይ አለቻት ሸዋሉል።

ወረቀቱን ሳህን የሚያህል መስታወት ሥር ከፊልሙ ጋር አጣብቃ፣ በሩን ለአንድ ትንፋሽ ያህል ከፍታ ዘጋችው። የእጅ ባትሪውን በቀይ ላስቲክ ሸፍና አበራችና ወረቀቱን ማውጫው ውስጥ ለቀቀችው። መጀመሪያ ጥቁር ነጥብ መጣ፤ የዓይኑ ብሌን ነው። ከዚያ የግንባሩ ሽብሽብ፣ ከዚያ አፉ። ኢንዓም የሸዋሉልን ክንድ ያዘች። እስኪጨርስ አልለቀቀችም፤ በኋላ ስታየው ጥፍሯ አምስት ቦታ አትሞበታል። ትሩፋት በስምንት ሰዓት በሩን ስታንኳኳ ሁለተኛው ወረቀት ገና ሃይፖ ውስጥ ነበር።

ቅዳሜ ገበያው ዳር ነጋዴው ሁለቱን አህዮቹን ጭኖ ሊነሣ ሲል ባቢከር ራሱ በበቅሎ ላይ ሆኖ፣ በጎረቤቶቹ ተደግፎ ደረሰ። በእጄ ካልሰጠሁት ብሏል አሉ የጎረቤቱ ሰዎች። ትኩሳቱ ለቆታል፤ ፊቱ ግን ከሐሙሱም ከስቷል። ሸዋሉል ወረቀቱን አወጣችለት። መዳፍ እንኳን አይሞላም፣ አራት ጣት በአራት ጣት ነው። ባቢከር አቀረበው፣ አራቀው፣ ፀሐይ ወዳለበት ዞረ። ከዚያ ለኢንዓም በበርትኛ አንድ ነገር ነገራት። ኢንዓም ወደ ሸዋሉል ዞረች፤ ዓይኗ ደንግጧል።

«ይኼ እኔ አይደለም ይላል። ይኼ አባቴ ነው ይላል።»

ነጋዴው ሳቀ፤ ሽማግሌ፣ ለልጁ ታዲያ ማን ነው ልበለው? አለ። ሸዋሉል አልሳቀችም። ባቢከር ቤት መስታወት እንደሌለ አይታለች፤ ስንት ዓመት ራሱን ሳያይ እንደኖረ ማን ያውቃል። ሰውየው ግን ሌላ ነገር ሊል እንደሆነ ከአፉ አኳኋን ታውቃለች፤ ሐሙስ ቀን በመስታወቷ ውስጥ ያንን አፍ ስትመለከት ውላለች። ሌላ ፊልም የላትም፤ ሌላ ቅዳሜም የለ። ቆማ ጠበቀች።

ባቢከር ቀስ ብሎ ተናገረ፤ ኢንዓም እየተከተለች ወደ አማርኛ መለሰችው። ልጁ ትንሽ በነበረ ጊዜ እሱ ወርቅ ሊያጥብ ወደ ወንዝ ይወርድ ነበር፤ ቤት ከአሥራ አምስት ቀን አንዴ ቢመጣ ነው። ልጁን ያሳደገው አያቱ ነው። ልጁ ፊቴ ጠፋበት አላችሁኝ እንጂ ፊቴን መቼ አየውና? ይኼን ሰው ግን ያውቀዋል። በጭኑ ላይ ነው ያደገው።

«ስጠው» አለ ለነጋዴው በአማርኛ።

ነጋዴው ከጀርባው ይጻፍበት እንደሆነ ጠየቀ። ሸዋሉል እስክሪብቶ ነበራት፤ እዚያ የሚያነቡት ግን ዓረብኛ ነው ብሎ ነጋዴው ራሱ ተቀበላት። የአህያው ጭነት ላይ ተደግፎ ምን ልጻፍ አለ። ባቢከር አሰበ። ሲናገር ነጋዴው የጻፈውን ኢንዓም ለሸዋሉል በጆሮዋ ነገረቻት፦

አባትህ ነው። ካልመሰለህ አያትህን አስብ።

ነጋዴው ወረቀቱን በላስቲክ ጠቅልሎ ደረት ኪሱ ከተተ፣ ኪሱን በመርፌ ቁልፍ ዘጋ፣ አህዮቹንም ነዳ።